የገፋህ ማን ነው?

አጎቴ በአገር ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ፤ ናይሮቢ ከተሰደድን ወዲህ ግን የሚያስተምሩት ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ለጸሎት የሚሰበሰበውን ስደተኛ ነበር። አንዱ «መንፈስ ገፋኝ» ብሎ በተነሳ ቁጥር፣ «ፍርሃትም ይገፋል፤ ንዴትም፣ ባዶ ሆድም ይገፋል። ሦስት ቀን ጠብቅና ለይ» ይሉት ነበር። ከጉባኤው ግማሹን የሚገፋው ሆዱ እንደነበር እኔ እመሰክራለሁ።

ወንድሜ አዲስ አበባ መታሰሩን የሰማሁ ዕለት በሞያሌ በኩል ልመለስ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

«የገፋህ ማን ነው?» አሉኝ።

«ፍቅር ነዋ፣ ጋሼ!»

«ፍቅር ከሆነማ ሦስት ቀን አይከብደውም።»

በሦስተኛው ቀን ንዴቴ በርዶ ሻንጣዬን ፈታሁ። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜን እዚያው እስር ቤት ገደሉት። ሰው ሁሉ «አጎትህ አተረፉህ» ሲለኝ፣ እኔ ቂም ያዝኩባቸው።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እጄን ያዙኝ። «ያን ጊዜ ጠብቅ ስልህ እኔን የገፋኝ ጥበብ አልነበረም። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ይቅር ብያለሁ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ቃሉ ከልቤ ይሁን ከአዘኔታ መለየት ፈለግኩና፣ «ነገ እንነጋገራለን፣ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ስመለስ ነርሷ አልጋቸውን ለሌላ በሽተኛ ስታነጥፍ አገኘኋት።