ቢጫው መስመር

ጌርቫሲዮ በስፔኗ የወደብ ከተማ በካዲዝ፣ በመሐንዲሶች ቢሮ የከተማዋን ምሽግ ንድፍ ሲገለብጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነው። የሥራው ሕግ አጭር ነው፤ የተሠራ ግንብ ቀይ ይቀባል፣ ሊሠራ የታሰበ ቢጫ። ማድሪድ ያሉት ባለሥልጣኖች ባሕሩን ሳያዩ ከተማዋን የሚያውቋት በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ነው። በዕድሜው የተረዳው ነገር ቢኖር ቢጫው ሁልጊዜ ከቀዩ እንደሚበልጥ ነው። መንግሥትም እንደ ሰው ነው፤ ካደረገው ያሰበው ይበዛል።

በዚያ ጸደይ ግን ቢጫው መስመር በታላቅ እህቱ በታዴያ ቤት ላይ አለፈ። ታዴያ ባሏን ባሕር ከወሰደባት ወዲህ በዚያች ቤት ሰርዲን በጨው እያሸች ትኖራለች። ጌርቫሲዮንም ያሳደገችው እዚያው ነው።

እሑድ ሊነግራት ሄደ።

«እትዬ፣ ቤትሽ ሊፈርስ ነው። ምሽግ ያልፍበታል።»

ታዴያ ከዓሣው ቀና አላለችም። «አንተ የቀባኸው ቢጫ ሁሉ ቢሠራ ኖሮ ካዲዝ ይሄኔ አፍሪካ ደርሳ ነበር።»

«ይሄኛው እንደሌላው አይደለም። ንጉሡ ቸኩለዋል።»

«ከቸኮሉ መጥተው ጨው ያቀብሉኝ። ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብላ፣ ከስተሃል።»

በልቶ ሄደ።

ማክሰኞ ቅጂውን ጨርሶ ለአለቃው ለመሐንዲሱ ለዶን ፋድሪኬ አቀረበ። ዶን ፋድሪኬ ምሳቸው ደርሶባቸው ነበርና ሳያዩ ፈርመው አሸጉት። ጌርቫሲዮ ብሩሾቹን ሊያጥብ ሲያነሣ የቢጫው ብሩሽ ደረቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ አልነካውም። የታዴያን ሰፈር ምሽግ ቀይ ቀብቶ ልኮታል። ዓይኑ ደክሞ ይሁን እጁ አውቆ፣ ይህን ጥያቄ ለራሱ እንኳ መልሶ አያውቅም።

በበጋው መጨረሻ የማድሪድ መልስ መጣ። በባሕሩ ዳር ያለው ምሽግ በመጠናቀቁ ንጉሡ ተደስተዋል፤ የተዘጋጀው ድንጋይ በየብስ በኩል ላለው በር ይዋል።

ዶን ፋድሪኬ አስጠሩት።

«ጌርቫሲዮ፣ ይኸ የተጠናቀቀ ምሽግ የት ነው ያለው?»

«እህቴ ሰርዲን የምታሰጣበት ቦታ ነው፣ ጌታዬ።»

መሐንዲሱ ከመልሱ ጋር በተመለሰው ንድፍ ላይ የገዛ ፊርማቸውን ተመለከቱት። ስሕተቱን ለማድሪድ መጻፍ፣ ሳያዩ መፈረማቸውንም መጻፍ ነው።

«ጠንካራ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ባሕሩ እስካሁን አልደፈረውም።»

«እንግዲያው እንዳለ ይቆይ።»

ከዚያ ወዲህ ጌርቫሲዮ እሑድ እሑድ ዓሣውን ከበላ በኋላ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ የእህቱን ግድግዳ ይደገፋል።

«ቀስ በል እንጂ አንተ» ትለዋለች ታዴያ፤ «የንጉሡን ምሽግ ልትጥልብኝ ነው።»