ያልታረደው የአረፋ ወጠጤ

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ ሐረር አጠገብ ወዳለችው ድሬ ጠያራ፣ አንዲት የገጠር መንደር ሲመጣ እኔ ገና አልተወለድኩም። በዚያች ባደግኩባት መንደር ክርስቲያኖቹ እኛ ብቻ ነበርን። ከአጥራችን ማዶ ማሽላና ጫት የሚያለሙ አንድ ሽማግሌ ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር። እናቴ ሽሮ ስትሠራ ለእነሱ ልጆች፣ እነሱ ስኳር ድንች ሲቀቅሉ ለእኛ ሳይላክ ቀርቶ አያውቅም። አጥሩን የማይሻገረው ሥጋ ብቻ ነበር።

አንድ የአረፋ ዕለት ጠዋት ሽማግሌው ወጠጤ ፍየል እየጎተቱ ደጃችን መጡ።

«መምህር፣ እኛ ያረድነውን እንደማትበሉ አውቃለሁ» አሉ። «ግን ጎረቤቴ ሥጋ ሳይቀምስ እኔ አረፋ አላከብርም፣ ወላሂ! ይኸው፣ በእጅህ እረደው።»

አባቴ እጅ ነስቶ ተቀበላቸው። ችግሩ፣ ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም። ቢላዋውን ሞረደ፣ ወጠጤውን አየው፤ ወጠጤውም መልሶ አየው።

«ዛሬ ደክሞታል፣ እሑድ አርደዋለሁ» አለ።

እሑድ ዘነበ። በሚቀጥለው እሑድ የሚታረም ፈተና ነበረ። ከዚያ ጾም ገባ።

«ዘንድሮ ጾሙ የገባው ለፍየሉ ነው መሰለኝ» አለች እናቴ።

ወጠጤው ከጎረቤት የሚጣለውን ገረባ፣ ያንን የጫት ተራፊ፣ እየበላ ቀንዳም ሆነ። ጠዋት ጠዋት አባቴን ተከትሎ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ከክፍሉ መስኮት ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። ሽማግሌው በደጃችን ባለፉ ቁጥር ሣቃቸውን እየዋጡ «መምህር፣ ሥጋው እንዴት ነበር?» ይላሉ።

«ገና አልበሰለም» ይላል አባቴ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አባቴ ወደ ሐረር ሲዛወር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ኤረር በር አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራየን። ግቢው የጋራ ነው፤ ለፍየል ቦታ የለውም። የምንሄድ ዕለት አባቴ ገመዱን ይዞ አጥሩን ተሻገረ። እኛ ልጆች እያለቀስን ተከተልነው።

«አደራ…» ብሎ ገመዱን ዘረጋላቸው።

ሽማግሌው ዕንባቸው እስኪፈስ ሣቁ። «ሥጋ ሰጥቼህ ልጅ አሳድገህ መለስክልኝ! ከእንግዲህማ ማን ደፍሮ ያርደዋል?»

አላረዱትም። ከፍየሎቻቸው ጋር ቀላቀሉት። ኤረር በር ስኳር ድንች ሊሸጡ ሲመጡ ቤታችን ጎራ ይሉና መጀመሪያ የወጠጤውን ደኅንነት፣ ቀጥሎ የቤተሰባቸውን ይነግሩናል።

በኋላ ሞባይል ገዙ። አንድ ምሽት ራት ቀርቦ ሳለ የአባቴ ስልክ ጠራ። ሰማ ሰማ አደረገና ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። ከወዲያ ፍየል ይጮኻል።

«መምህር፣ ሰላም በለው እንጂ!» አሉ ሽማግሌው።

ተማሪ ሁሉ የሚፈራው አባቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዴት ከረምክ?» አለው።

እናቴ የጠቀለለችው ጉርሻ ከእጇ ወደቀ። ወጡ እስኪቀዘቅዝ ሣቅን።