እማዬ ያላስተማረችኝ

ልብስ ሰፊዋ ምግብ ማብሰል የተማረችው እያሳረረች ነው። እናቷ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። ጠዋት ልጃቸው ሳትነቃ ይወጣሉ፤ ማታ ሲመለሱ ምድጃ የሚባል ነገር ማየት ስለማይፈልጉ እራቱ ዳቦና ሻይ ነበር። ልጅቷ አስተምሪኝ ባለች ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፦ ደብተርሽን ያዢ፣ የኔ ዕጣ አይድረስሽ።

የሐኪሙ ልጅ ግን እዚያ ቤት በርጩማ ላይ ቆማ ከኚሁ ሴት ሽንኩርት አከታተፍ ትማር ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አድጋ የራሷን ክፍል ስትከራይ ሩዙ ድንጋይ፣ ድንቹ ጭቃ ሆነባት። ጎረቤት እንዳትጠይቅ የአብሳይ ልጅ መሆኗ አሳፈራት። ጨርቅ በግምት እንደማይቆረጥ ታውቃለችና ጨውንም በማንኪያ ለካች፣ ሰዓት እያየች ቀቀለች፣ የተበላሸውንም ዓይኗን ጨፍና በላችው። በሁለተኛው ዓመት እንግዳ ፊት የማያሳፍር ሾርባ ወጣላት።

ከዚያ እናቷ ጉልበታቸውን አሟቸው ሥራ ተዉና አብረዋት መኖር ጀመሩ። የመጀመሪያውን ሾርባ ቀምሰው ጥሩ ነው አሉ፤ የሐኪሙ ልጅ ግን ካሮቱን ቀድማ ትጠብሰዋለች ብለው አከሉ። ያቺ «ግን» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረች።

እሑድ የሐኪሙ ልጅ ድስት ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች። «እማዬ» ብላ ነው የጠራቻቸው። እናትየው ሳህኑን ጠርገው በሉ። ልብስ ሰፊዋም ቀመሰች። ልጅ ሆና የናፈቃት የእናቷ እጅ ጣዕም ይኸው፣ በሌላ ሰው ልጅ ድስት መጣላት።

እንግዳዋ ስትሄድ አላስቻላትም። «እማዬ፣ ለሷ የሰጠሽውን ለኔ ለምን ነፈግሽኝ?»

እናትየው ጉልበታቸውን እያሹ መለሱ። «ለሷ ያስተማርኩት በሥራ ሰዓት ነው። ቤት ስገባ ምን አቅም ነበረኝ? የቀረችኝንም አቅም አንቺን ከምድጃ ለማራቅ ጨረስኳት።»

እውነት እንደሆነ ገባት። ቅናት ግን እውነት ስለሰማ አይበርድም።

በሚቀጥለው እሑድ እንግዳዋ የድስቷን ክዳን ሳታነሳ ልብስ ሰፊዋ የራሷን ሾርባ አቀረበችላት። የሐኪሙ ልጅ አንዱን ሳህን ጨርሳ ደገመች።

«ማን አስተማረሽ?» አለቻት።

«እኔ አይደለሁም» አሉ እናትየው ፈጠን ብለው። ኮርተው ይሁን ከፍቷቸው፣ ልጃቸው መለየት አልቻለችም።

እንግዳዋ አሠራሩን ንገሪኝ ብላ ለመነቻት። ልብስ ሰፊዋም ሽንኩርቱን፣ የእሳቱን ልክ፣ ድንቹ የሚገባበትን ደቂቃ ሳይቀር ዘረዘረችላት። በመጨረሻ የምትጨምራትን የሎሚ ልጣጭ ግን ሳትነግራት ዋጠቻት።

እናትየው ልጣጯ ስትገባ በዓይናቸው አይተዋል። አንገታቸውን ደፍተው ሾርባቸውን መጠጡ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሱም።