ባዶ የተባለው አዳራሽ

የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ለዓይነ ስውራን ይመች እንደሆነ ሊፈትሽ የመጣው፣ ራሱም ዓይነ ስውር የሆነው ሰውዬ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ እንደቆለፈ ተቀመጠ። «ለማን ይበራል?» ብሎ ስክሪኑን አጠፋ። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን እንደ በረዶ እያወረደ በድምፅ ሲያነብ፣ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ አንዲት ቃል አልጨበጠም። ሰውዬው ግን ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል።

ድንገት ቁልፎቹ ላይ የነበረው ጣቱ ቆመ። «እዚህ ጋ ዝም ያለ ነገር አለ።»

«ፎቶ ነው ጋሼ፣ መግለጫ ሳልጽፍለት ቀርቼ ነው። የባለጉዳዮች መጠበቂያ አዳራሽ ነው፤ ባዶ ነው።»

«ባዶ?» ሰውዬው ፈገግ አለ። «ሲነሳ እኮ እዚያው ነበርኩ። ካሜራው ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ።»

ባለሙያው ስክሪኑን አበራ። ፎቶውን የመረጠው ራሱ ነው፤ ስንት ጊዜ አይቶታል፤ ሰው ግን አንድም ቀን አላየበትም። ከኋላ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ፣ ልክ እንደ አሁኑ ፈገግ ብሏል።