ወደ መስኮቱ ያዘነበለ ስንዴ

ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ ጎረቤት "ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ "ስንዴ አጠጣለሁ" እላለሁ። ይስቃል። በዚህ በበጋ፣ የጋይንት ምድር ሁሉ ገለባ በመሰለበት ጊዜ፣ ምን ስንዴ አለና? ያለው በመኝታ ክፍሌ መስኮት ሥር፣ ትሪ ላይ ነው።

ባለቤቴ ቄስ ነበሩ፤ ቀዳሽም አራሽም። ከቅዳሴ ወጥተው ልብሳቸውን ቀይረው ማሳ የሚወርዱ ሰው ነበሩ። አምና ጥር ላይ ሆዳቸው አብጦ፣ ፊታቸው ገርጥቶ አልጋ ያዙ። ሐኪም ቤት ጉበት ነው አሉን። ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃችን ደወለች።

"እማዬ፣ አባዬ የስንዴ ቡቃያ ጭማቂ ይጠጣ። እቤት ውስጥ ይበቅላል፤ ቀላል ነው።"

ማብቀልማ የኔ ሥራ ነው አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ብቅል ሳበቅል አይደል የኖርኩት? ስንዴውን ዘፈዘፍኩ፣ አጠንፍፌ በቅጠል ጠቀለልኩ፣ ከላዩ ድንጋይ ጫንኩ። ሲደርስ ገልጬ በስልክ ለልጄ አሳየኋት። ነጭ ሥር እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ እንደ ቂጣ አንድ ላይ ተያይዟል።

"እማዬ! ይሄማ ብቅል ነው! ለአባዬ ጠላ ልትጠምቂለት ነው?"

ባለቤቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ተያት ልጄ፣ ደግ ነው ያሰበችው" አሉ። ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ብቅል ጨለማና ጭነት ይወዳል፤ ይኼኛው የሚፈልገው ብርሃን ነበር። እንደገና ለመዝራት ከገበያ ስንዴ ልገዛ ስነሳ ባለቤቴ ከለከሉኝ። "የገበያው መድኃኒት የተቀባ ዘር ሊሆን ይችላል። ከጎታው ውሰጂ፤ በእጄ የለቀምኩት አለ" አሉኝ። ትሪው ላይ ስስ አፈር አልብሼ፣ ዘሩን በትኜ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት።

ሲበቅል ወደ መስኮቱ እያዘነበለ አስቸገረ።

"ጀርባውን ሰጠኝ እኮ፤ አዙሪልኝ" ይሉኛል። አዞረዋለሁ። ለጥቂት ጊዜ ወደ አልጋው እንዳጎነበሰ ይቆያል። "አየሽ፣ እጅ ነሣኝ!" ይላሉ።

ስንዝር ሲያህል በመቀስ ቆርጬ፣ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በንጹሕ ሻሽ አጣርቼ አቀረብኩላቸው። ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ወደ ብርሃን አዩት።

"ናቡከደነፆር ሣር የበላው ከዙፋኑ ወርዶ ነው። እኔ ምን ዙፋን ነበረኝ?"

"ይጠጡ እንጂ!"

"የሰው ቡቃያ የበላ በሬ ባለቤቱ ይቀጣል። ለኔ የምትቀጪው አንቺ ነሽ፤ ተዘጋጂ።"

እንዲህ እየቀለዱ ይጠጡልኝ ነበር። የጤና ባለሙያውን ብጠይቀው አልዋሸኝም። "ይጠጡት፤ ግን በሽታውን አያድንም። መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ" አለኝ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ወደ ቤት ይዤ የተመለስኩት ግን "ይጠጡት" ያለውን ብቻ ነው።

ሌላ ትሪ ዘራሁ። ይህኛው ከፊተኛው የበለጠ አማረ፤ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ። አንድ ጠዋት መቀሱን ይዤ ስጠጋ፣ "ይቺን ተያት" አሉኝ።

"ለምን?"

"ዛላ ታወጣ እንደሆነ ልያት።"

"በዚህች አፈር ዛላ አይወጣም። አንቱ እያወቁ!"

"አውቃለሁ። ልያት አልኩ እንጂ ልብላት አልኩ?"

"ሲድኑ ማሳውን ሙሉ ያያሉ" አልኩና ቆረጥኩት።

ብርጭቆውን ሲቀበሉኝ አልቀለዱም። ጠጡ። "እግዜር ይስጥሽ" ብለው ባዶውን መለሱልኝ። ትሪውን አዙሪልኝ አለማለታቸው ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። ምን ይዞራል? የቀረው ጉቶ ነው።

በዚያ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ብቻ ነው። ማሳው ከቤቱ ጀርባ፣ ከቁልቁለቱ በታች ነው፤ ካልጋ ሆኖ አይታይም። እኔ ትሪውን መድኃኒት አድርጌ ነበር የማየው። ለሳቸው ግን ማሳ ነበር፤ ያውም የመጨረሻው።

ደግሜ ዘራሁ። ይቺን አልነካትም ብዬ በልቤ ቆርጬ ነበር፤ ለሳቸው ግን አልነገርኳቸውም፤ ሲያዩት ደስ እንዲላቸው ብዬ። ገና ከአፈሩ ብቅ ብቅ ሲል አረፉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሲበዛ ትሪውን ከቤት አወጡት። በኋላ ደጅ ላይ አገኘሁት፤ በግ ግጦ ጨርሶታል። የበጉን ባለቤት ማን ይቅጣ? ይህን ቀልድ የሚሰማኝ ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ቀልዱ ግን ከሳቸው በቀር ለማንም የሚነገር አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ወንድማቸው ከጎታው ዘር ወስደው ማሳውን ዘሩልኝ። እኔ አንድ ጣሳ አስቀረሁ። ዘንድሮ ትሪው ላይ የዘራሁት ከሱ ነው። ረዝሞ፣ ራሱን መቻል አቅቶት ተጋድሟል፤ በክር ደገፍ አድርጌዋለሁ። ጫፉ ቢጫ እየሆነ ነው። ዛላ አላወጣም፤ አያወጣምም።

ትናንት ጎረቤቴ ገብታ አየችው።

"እትዬ፣ ይህን ሣር ለምን አስቀመጥሽው? ለዶሮዎቼ ብትሰጭኝ ምናለበት?"

"ይቆይ።"

"ለምን ይሆንሻል?"

"ላየው ነው።"

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

ጠዋት ጠዋት ስነሳ ትሪውን ወደሳቸው አልጋ አዞረዋለሁ። ፍራሹ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል፤ የአልጋው ጠፍር ባዶውን ነው። ስንዴው ለጥቂት ጊዜ እጅ እንደነሣ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ስገባ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ መመለስ ጀምሯል። አላስገድደውም። በነጋታው እንደገና አዞረዋለሁ።