ለማያውቀው ሰው የጻፈው ውዳሴ

ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፤ ቅኔ ግን ቢቸና፣ ከቅኔ ቤቱ አጥር ጥግ ቆሜ እሰማ ነበር። እዚያ ጎበዙ ተማሪ እንኳ ቅኔውን ሲያቀርብ መጀመሪያ ጉድለቱ ይነገረዋል። ልጆቼንም ያሳደግሁት እንደዚያው ነው።

ሞጣ ስልክ የሚጠግነውን ልጄን ልጠይቅ ሄድኩ። ከአንድ የውጭ አገር የቴክኖሎጂ ባለሀብት ፎቶ ሥር የጻፈውን፣ ብዙ ሰው ወደደልኝ ብሎ አሳየኝ፦ «አባቴ፣ አንተ አትሳሳትም!»

«ሠራተኞቹን በጅምላ ያባረረው እሱ አይደለም?» አልኩት።

«ምክንያት ይኖረዋል።»

«ጉድለቱን ሳያዩ ሰውን ማወደስ ማምለክ ነው።»

ስልኩን አስቀመጠ። «አባባ፣ እኔን አንድ ቀን ጎበዝ ብለውኝ ያውቃሉ?»

ብዬው አላውቅም። የተናገርኩት ዛሬም እውነት ይመስለኛል። ግን ሱቁ እንደገባሁ መጀመሪያ የነቀፍኩት የጠረጴዛውን አቧራ ነበር፤ ያን ቀንም ጎበዝ ሳልለው ወደ ቢቸና ተመለስኩ።