ከጎረቤቴ በር ላይ የፋቅሁት ምልክት

ሳን ሆዜ ውስጥ፣ እዚያው በምኖርበት አፓርትመንት ጥገና እሠራለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ለራሴ አስተማርኩ። ናዚዎች የሠሩትንም ያወቅሁት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የመኪና ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ምልክታቸው፣ ስዋስቲካው፣ በጥቁር ቀለም ተረጭቶ ሲገኝ፣ ማኔጀሯም ምልክቱ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጥፋ የትም ባየው እንዳጠፋው ስታዘኝ፣ ደስ እያለኝ ተቀበልኩ። ክፉን ለማጥፋት ፈቃድ አይጠየቅም እያልኩ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስቴ ከሞተች፣ ልጄም ለሥራ ኦክላንድ ከገባች ወዲህ፣ በዚያ ግቢ ጤናዬን የሚጠይቀኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት አብረን እንዞር ነበር። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርብር ስለሆነ ብዙ አናወራም ነበር።

በበዓላቸው ዋዜማ ያው ምልክት በራቸው ላይ በቀይ ዱቄት ተሥሎ አየሁ። በምልክቱ የታጠፉ እጆች መካከል ነጥቦች ነበሩበት። ነጥቦቹን አላየሁም ብዬ አልዋሽም። የሚጠላቸው ሰው የሣለባቸው መሰለኝ። አንኳኩቼ መጠየቅ ስችል ሳሙናና ብሩሽ አመጣሁ። ልጨርስ ስል በሩን ከፈቱ።

«እኔ ነኝ የሣልኩት» አሉ። «በየዓመቱ የምትሥለው ሚስቴ ነበረች። ዘንድሮ እኔ ሞከርኩ።»

ማስታወቂያውን ጠቀስኩላቸው። ባልዲውን አይተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉ።

ለልጄ ደወልኩ። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ ለሂንዱዎች ናዚ ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ የበረከት ምልክት እንደሆነ፣ ነጥቦቹም በናዚው ላይ እንደሌሉ አስረዳችኝ። ቀጥላ ግን በአማርኛ «አባዬ፣ ሳሎን ያለውን ካላንደር እየው» አለችኝ።

ካላንደሩ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠኝ ነው፤ የላሊበላዋ ቤተ ማርያም ፎቶ አለበት። ዓመቱን ሙሉ ፊቱ ቆሜ ጸልያለሁ። ከመስኮቶቹ በአንዱ ላይ የተፈለፈለው መስቀል እጆቹ የታጠፉ ናቸው። ያው ቅርጽ ነው።

በማግስቱ ማኔጀሯን ለምኜ፣ በሃይማኖት ልማድ የሚሣለውን ክልከላው እንደማይመለከት ማስታወቂያው ላይ አስጨመርኩ። ወረቀቱንና ካላንደሩን ይዤ ወደ ሽማግሌው ወጣሁ። ፎቶውን አተኩረው አዩት።

«ይህንን ግን እርስዎ አልፋቁትም» አሉኝ፤ ሳይቆጡ።

ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ይቅር አሉኝ፤ በሩ ላይ ግን ዳግመኛ አልሣሉም።

የግድግዳውን ዛሬም ባየው እፍቀዋለሁ። የሰው በር ግን ሳያንኳኩ አይነካም፤ ይህንን ለልጄ ሳላስተምራት አሳደግኋት፣ ደግነቱ ከእኔ ቀድማ አውቃዋለች። አሁን ጠዋት ብቻዬን እዞራለሁ። ሽማግሌው ካገኙኝ ሰላም ይሉኛል፤ ጤናዬን አይጠይቁኝም። ከበራቸው ላይ ቀዩ ፈለግ አልለቀቀም። ማኔጀሯ በሩን እንድቀባው ካዘዘችኝ ሰነበተ። ቀለሙ ተገዝቶ ተቀምጧል፤ እኔ ግን አልቀባሁትም።